ከዙፋን ወደ እንጦጦ ማርያም ደጅ

ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ዐድዋ ላይ ያበቃል። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ የተቃወሙት፣ ጦር አስከትለው የዘመቱት፣ ለአዲስ አበባ ስም ያወጡት እቴጌ በሁሉም ዘንድ የታወቁ ናቸው። እኛ ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቻችን ለማውሳት የወደድነው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን፣ እምብዛም የማይነገርለትንና አንድም ጥይት ያልተተኮሰበትን የሕይወታቸውን ክፍል ነው። የዚህም ታሪክ ፍጻሜ ከጉለሌ በላይ ባለው ተራራ፣ በእንጦጦ ማርያም ደጅ ነው።

እቴጌ ጣይቱ የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ሲሆኑ፣ በትውልዳቸው ከሰሜንና ከየጁ ባላባቶች ወገን ነበሩ። ሴት ልጅ ፊደል ትቆጥራለች ተብሎ በማይታሰብበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ ግዕዝ ያውቁ፣ በገናም ይደረድሩ ነበር። የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ያገቡት በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ነው።

መናገሻው ወደ እንጦጦ በተዛወረ ጊዜ ስፍራው ለጥበቃ የተመቸ ቢሆንም ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበር። ብርዱና ነፋሱ ያይላል፤ ማገዶውም ያልቃል። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ወደ ሜዳው እየወረዱ በፍልውሃ መታጠብን ልማድ አደረጉ። በ1879 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ቤት ማሠሪያ ቦታ ከንጉሡ አስፈቅደው፣ መንደሩን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ዋና ከተማችን ሕመምተኛ ገላውን በሚታጠብበት ውሃ ዳር መቆርቆሯን ከዚህ ላይ ልብ እንላለን። ሆኖም የእንጦጦ ማርያም ክብር በዚህ አልቀነሰም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

እቴጌይቱ ጦርነትን የሚጸየፉ ሴት ነበሩ ማለታችን አይደለም። ቁጣቸውም ሆነ ቆራጥነታቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን በጦር ሜዳም ቢሆን ከሌሎቹ አስቀድሞ የሚታያቸው ነገር ነበር። በ1888 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ መሽጎ ሳለ የእኛ ወታደር በምሽጉ ላይ እየወጣ በከንቱ ያልቅ ነበር። በእቴጌይቱ ምክር ምሽጉ የሚቀዳበት ውሃ ተያዘ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠላት በጥም ተሸንፎ ምሽጉን ለቀቀ፤ በሰላም እንዲሄድም ተፈቀደለት። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ሲያደርሱ ዋሉ።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ፈተናው ከውጭ ሳይሆን ከእልፍኝ መጣ። ዐፄ ምኒልክ ታመሙ። ሕመሙ እየጸና ሄዶ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ አካላቸው ሰለለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ ስለነበሩ ራስ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑ። ይሁን እንጂ የመንግሥቱ ሥራ በእውነት የሚከናወነው በእቴጌይቱ እጅ ነበር። ይሾሙ ይሽሩ ነበር፤ ዘመዶቻቸውንም ከፍ ከፍ ያደርጉ፣ በጋብቻም ያስተሳስሩ ነበር። የሸዋ መኳንንት ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነው፤ ሁሉም ያለ ምክንያት ነበር ለማለት አንደፍርም።

በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና የመሐል ሰፋሪው ጦር ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን የመሰለ ብርቱ ሰው ነበረበት። ውሳኔውም እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ወጥተው ሕመምተኛውን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ የሚል ሆነ። እንግዲህ የዐድዋዋ እቴጌ ምን ያደርጉ ይሆን? ዘመዶቻቸው በሰሜን ባለ አገርና ባለ ጦር ናቸው። እርሳቸውም ያሉት በግቢው ውስጥ ነው። አንድ መልእክት ቢልኩ፣ አንድ ነጋሪት ቢያስጎስሙ ሸዋና ሰሜን ይተላለቁ ነበር። አላደረጉትም። ሥልጣኑን ለቀው ወደ ሕመምተኛው አልጋ ተመለሱ።

አንዳንዶች ይህን አቅም ከማጣት የመጣ ነው ይላሉ። የመሐል ሰፋሪው ፊቱን ካዞረ በኋላ በእርግጥ የማሸነፍ ተስፋቸው ጠባብ ነበር። እኛ ግን ተስፋ ሳይኖራቸው ተዋግተው አገር ያስፈጁ መኳንንት በታሪካችን ስንቶች እንደሆኑ ስናስብ፣ ፍርዱ እንዲህ የቀለለ አይመስለንም። በዚያው በ1902 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ጋንዲ የተባለው ሕንዳዊ ጠበቃ፣ ያለ ጠመንጃ ስለ መብት ሲታገሉ የታሰሩትን ሰዎች ቤተሰብ ለማኖር በጆሃንስበርግ አጠገብ አንድ እርሻ አቋቁሞ ነበር። እቴጌይቱ ጋንዲ አልነበሩም፤ ስሙንም ሰምተው የሚያውቁ አይመስለንም። ለእኛ አገር ሰው ግን ደብር መጠጋት ከጥንት የታወቀ መንገድ ነው። ደም ከማፍሰስ ይልቅ በደሉን ታግሶ፣ ነገሩን ለእግዚአብሔርና ለጊዜ ሰጥቶ መቀመጥ ማለት ነው።

ማስታመሙ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ቆየ። ሹመት ለመለመን ደጃቸው ይጠና የነበረ እቴጌ የሕመምተኛ ጠባቂ ሆኑ። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ ስላልተነገረ፣ ለእንደዚያ ያለ ንጉሥ የሚገባው ልቅሶ በይፋ አልተለቀሰም። ባሏ የሞተባት ሴት በአደባባይ የማታለቅስበት ሐዘን ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የአገራችንን የሐዘን ሥርዓት የሚያውቅ ይረዳዋል። ከዚያም እቴጌይቱ ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦ እንዲሄዱ ሆነ። ዘውድ በጫኑበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በጸሎት ተቀመጡ።

በመስከረም ወር 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱ ነገሡ። እቴጌ ጣይቱ ዳር ቆመው ያዩትን ነገር አገሪቱ ያን ጊዜ በደም ቀመሰችው። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ የንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ ጦር ተጋጥመው፣ በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር የአንድ አገር ሰው እርስ በርሱ ተጨራረሰ። በ1902 ዓ.ም. ነጋሪት ቢጎሰም ኖሮ ሊመጣ ይችል የነበረው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ንግሥት ዘውዲቱ የእንጀራ እናታቸውን የሚወዱ ነበሩ። አብረዋቸው እንዲኖሩ ቢጠይቋቸው እቴጌይቱ አልተቀበሉም፤ ሆኖም ምክር አልነፈጓቸውም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም ዘውዲቱ ሲነግሡ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ ተለይተው ነበርና፤ ራስ ጉግሣም የጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው። ቤታቸውን ላፈረሰው መንግሥት በጎ መምከር ቂምን ድል መንሣት ነው። እቴጌይቱ ለራሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዘመናቸውን በዚያ ለመፈጸም። አልተፈቀደም። በዚህም ምክንያት ያነሡት ሁከት የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ላይ ዐረፉ።

የወንድማቸው ልጅ ራስ ጉግሣ የመረጡት ሌላውን መንገድ ነው። በበጌምድር ሸፍተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ፤ ከተከታዮቻቸውም አብረው የወደቁ ነበሩ። ንግሥት ዘውዲቱ ከዚያ በኋላ የኖሩት ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው በቅጥሩ ውስጥ የነገሥታቱን ዕቃዎች የያዘውን ቤተ መዘክር ያያል፤ ለጸበል የሚመጡ ሕሙማንንም ያገኛል። የእቴጌይቱ አፅም ግን እዚያ የለም። በኋላ ዘመን ወደ በአታ ለማርያም ተወስዶ፣ ከባላቸው ከዐፄ ምኒልክ መቃብር በአንዱ ጎን ዐርፏል። በሌላው ጎን ያሉት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው።