የክላክሱን ሪሌይ ያስገኘው መምህር፤ ጆሴፍ ሄንሪ

በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ውስጥ ሄንሪ የሚባል መለኪያ እንደነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ለፈተና ያህል ሸምድደነዋል፤ ግን የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ሰውዬው እንደ እኛው የመምህርነት ሙያ የነበረው ነው። የሠራው ነገርም ዛሬ ድረስ በየአሮጌው መኪና ኮፈን ሥር ቁጭ ብሎ ጠቅ ይላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሴፍ ሄንሪ በ1797 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ አልባኒ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ልጅነቱን ያሳለፈው ጋልዌይ በምትባል መንደር ከአያቱ ዘንድ ሲሆን እዚያም በአንድ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ13 ዓመቱ ገደማ ሙያ እንዲለምድ ሰዓት ሠሪና ብር አንጥረኛ ዘንድ ገባ። የሚገርመው ግን የልጁ ልብ ያለው ቴያትር ላይ ነበር። በ16 ዓመቱ ገደማ ለሕዝብ የተጻፈ አንድ የሳይንስ መጽሐፍ እጁ ገባና ሐሳቡ ዞረ። በ1819 አልባኒ አካዳሚ ያለ ክፍያ ተቀበለው፤ በ1826 ደግሞ እዚያው የሂሳብና የተፈጥሮ ፍልስፍና፣ ማለትም የፊዚክስ፣ መምህር ሆነ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሄንሪ በቀን 7 ሰዓት ያህል ያስተምር ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ ለትናንሽ ልጆች ሂሳብ ማስተማር ነው። ለምርምር የሚመች ሰፊ ክፍል የሚያገኘው ተማሪው ለዕረፍት ሲበተን ብቻ ነበር። በዚያች ጊዜ ውስጥ ግን የሠራው ሥራ ያስደንቃል። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ስተርጅን ብረት ላይ እርቃኑን ሽቦ አላልቶ ጠምጥሞ ማግኔት ሠርቶ ነበር። ሄንሪ ሽቦውን ራሱን በሐር አለበሰውና እርስ በርሱ እያጠጋጋ፣ በላይ በላዩ እየደራረበ ጠመጠመው። በ1831 ለዬል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ አነሣ።

ከዚህ ሥራው ሁለት ዓይነት ማግኔት እንዳለ ተረዳ። አንደኛው ብዙ አጫጭር ጥቅሎች ያሉትና ከባድ ነገር የሚያነሣው ነው፤ ግን ረጅም ሽቦ አይወድም። ሁለተኛው በአንድ ረጅም ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ነው፤ ጉልበቱ ትንሽ ቢሆንም ኮረንቲ ከሩቅ ቢላክለት ይሠራል። በዚህ በሁለተኛው፣ ሽቦውን በክፍሉ ግድግዳ ዙሪያ ከአንድ ማይል በላይ ዘርግቶ፣ ለተማሪዎቹ ደወል ደወለላቸው።

በ1832 ወደ ፕሪንስተን ኮሌጅ ተዛወረ። በ1835 ገደማ ሁለቱን ማግኔቶች አጣመራቸው። ትልቁ ማግኔት ከባድ ሚዛን ተሸክሞ ቆሟል፤ ኮረንቲው የሚያልፈው ባዜቃ ባለበት ኩባያ ውስጥ በተነከረ ሽቦ ነው። ከሩቅ የሚታዘዘው ትንሹ ማግኔት ያንን ሽቦ ከባዜቃው ሲያወጣው የትልቁ ኮረንቲ ይቋረጥና ሸክሙ ወለሉ ላይ ዱብ! ተማሪዎቹ ሳይደነግጡ አልቀሩም። ትንሽ ኮረንቲ ትልቁን አዘዘ ማለት ነው። ሪሌይ የምንለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክላክሱ እንምጣ። በ1960ዎቹ የተሠራ ሼቭሮሌት ብንከፍት የክላክሱ ሪሌይ ሦስት ጫፍ አለው። አንዱ ከባትሪ ይመጣል፣ አንዱ ወደ ክላክሶቹ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ቀጭኑ ሽቦ መሪው ላይ ወዳለው መጫኛ ይወጣል። መጫኛውን ስንጫን ቀጭኑ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ይገናኛል፤ ጥቅሉ ማግኔት ይሆናል፤ ትንሿን ብረት ስቦ የወፍራሙን መንገድ ያገናኛል። ሁለት ክላክስ አንድ ላይ 10 አምፔር ገደማ ሊስብ ይችላል፤ ጥቅሉ ግን 1 አምፔር እንኳ አይፈልግም። ያ ሁሉ ኮረንቲ በመሪው በኩል ቢያልፍ ኖሮ መጫኛው ቶሎ ይቃጠል ነበር።

ክላክሱ እምቢ ሲል ብዙ ሰው ክላክሱን ለመፍታት ይሮጣል። መቅደም ያለበት ግን ጆሮ ነው። አንዱ መጫኛውን ይጫን፣ ሌላው ሪሌዩን ያዳምጥ። ጠቅ ካለ ቀጭኑ መንገድ ደኅና ነው፤ ችግሩ የሪሌዩ መገናኛ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። የ12 ቮልት አምፑል በክላክሱ ሽቦ ጫፍና በመኪናው ብረት መካከል አድርጎ ማስጫን ነው። ከበራ ኮረንቲው ደርሷልና ጥፋቱ የክላክሱ ወይም ክላክሱን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው የዛገ ብሎን ነው። ጠቅ ካላለስ? መጀመሪያ ከባትሪ የሚመጣው ሽቦ ኮረንቲ እንዳለው በዚያው አምፑል ይታያል። ካለው፣ ቀጭኑን ሽቦ የያዘውን የሪሌዩን ጫፍ በትርፍ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ለአፍታ ማነካካት ነው። ክላክሱ ከጮኸ ሪሌዩ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ከሪሌዩ እስከ መጫኛው ያለው መንገድ ነው። አሁንም ጠቅ ካላለ ሪሌዩ ራሱ አልቆለታል። ማንም ሳይጫን የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ቀጭኑን ሽቦ ንቀሉት። ዝም ካለ ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል ወይም መጫኛው ተጣብቋል፤ ካልቆመ የሪሌዩ መገናኛዎች ተጣብቀዋል። አደራ፣ የባትሪውን ወፍራም ሽቦ ብረት እንዳታስነኩ፤ እሳት ያስነሣል።

መጫኛው ሲለቀቅ መገናኛው ላይ ብልጭታ ይወጣል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ መገናኛውን የሚያጠቁረው እሱ ነው። ይህን ብልጭታ ያጠናውም ሄንሪ ነው! ረጅም ጥቅል ሽቦ ኮረንቲው ሲቋረጥበት ለምን እንደሚፈነጥቅ በ1832 አሳተመ። ማግኔት ኮረንቲ እንደሚያስገኝም ደርሶበት ነበር፤ ግን ፋራዴይ በጽሑፍ ስለቀደመው ክብሩ ወደ ለንደን ሄደ። እኔ እንደሚመስለኝ ሄንሪን የጎዳው የማስተማር ሥራው ብቻ አይደለም፤ ለማሳተምም ዘገምተኛ ነበር።

የሞርስ ነገር ግን ሌላ ነው። ሄንሪ ሪሌዩን ለግል ጥቅም አላስመዘገበም፤ ምክር ለጠየቀው ሞርስም ያወቀውን በነፃ ነገረው። በ1844 ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር የተዘረጋው ቴሌግራፍ ያለ ሪሌይ የሚታሰብ አልነበረም። ሞርስ ከበረ፤ በ1855 ደግሞ ሄንሪ ምንም አልረዳኝም ብሎ ጽሑፍ አወጣ። ሄንሪ ያን ጊዜ የስሚዝሶንያን ተቋም ኃላፊ ነበር። ነገሩ እንዲመረመር የተቋሙን ቦርድ ጠየቀ፤ ቦርዱም እውነቱን ለሄንሪ ፈረደለት። ገንዘቡ ግን ከሞርስ ጋር ቀረ።

በሸመገለበት ዘመን በአሜሪካ የመብራት ማማዎች ቦርድ ውስጥ ይሠራ ነበር። በጭጋግ ጊዜ መርከቦችን የሚያስጠነቅቁትን ታላላቅ ጡሩምባዎች ባሕር ላይ እየወጣ ያዳምጥ፣ ድምፁ በአንድ በኩል ሲሰማ በሌላ በኩል ለምን እንደሚጠፋ ይመረምር ነበር። በ1878 በዋሽንግተን አረፈ። ቤንዝ በሞተር የሚሄደውን መኪናውን ያስመዘገበው ከ8 ዓመት በኋላ በ1886 ነው። የሄንሪ ስም ለመለኪያው የተሰጠው ደግሞ በ1893 ቺካጎ ላይ በተደረገው የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ጉባኤ ነው።