ጉልየልሞ ማርኮኒና ከፍ ያለው ሽቦ

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ የሚገኘው ሜዳ፣ ቦሌ እስኪከፈት ድረስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች መነሻና ማረፊያ ነበር። ዛሬ በዚያ ሰፈር፣ ስካነር ለሚባለው ሞገድ አሳሽ ራዲዮ አንቴና ለመትከል የሚነሣ ባለሙያ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ከፍታና ስለ መሬት ሽቦ ነው። ሁለቱንም በተግባር ያስተማረው ጉልየልሞ ማርኮኒ ነው።

ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1874 ከኢጣሊያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት በቦሎኛ ተወለደ። የሄርዝን የሞገድ ጥናት መሠረት በማድረግ በአባቱ ርስት በፖንቴክዮ ሙከራ ጀመረ። በ1895 የማሠራጫውን አንድ ጫፍ በምሰሶ ላይ አውጥቶ ሌላውን ከመሬት ጋር ባገናኘ ጊዜ፣ ምልክቱ ኮረብታ ተሻግሮ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተሰማ።

ከፍታ ግን ያለ ድካም አልተገኘም። በእንግሊዝ አገር በፖልዱ ያስተከላቸውን 60 ሜትር ያህል ቁመት ያላቸውን 20 ምሰሶዎች፣ በ1901 ዐውሎ ነፋስ ጣላቸው። ማርኮኒ ተስፋ ሳይቆርጥ ቀለል ያለ አንቴና አሠርቶ ወደ ኒውፋውንድላንድ ተሻገረ። በዚያም 150 ሜትር ሽቦ በካይት ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 12 ቀን ከፖልዱ የተላከውን ምልክት መስማቱን አስታወቀ። ተጠራጣሪዎች ስለ በዙ፣ በ1902 ፊላደልፊያ በተባለች መርከብ ላይ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት የተላከ መልእክት በወረቀት ላይ አስመዘገበ። በ1909 ከብራውን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

የማርኮኒ ሞገድ ረጅም ሲሆን፣ የአውሮፕላን መገናኛ የሚጠቀምበት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ አጭር ነው፤ የሚጓዘውም በአብዛኛው እይታ እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ስለዚህ ለልደታው አድማጭ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ፣ ማለት የሞገዱ ሩብ፣ ይበቃዋል። ዘንጉ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ከጣሪያው በላይ፣ ከኤሌክትሪክ መስመርም ርቆ መቆም አለበት። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ስለሚደክም ቁመትና የገመድ ርዝመት ይመዛዘናሉ። ምሰሶው የክረምቱን መብረቅ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ያሻዋል። ለማዳመጥም ሕጉ የሚጠይቀውን ፈቃድ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

የማርኮኒ ፍጻሜ ለኢትዮጵያዊ ባለሙያ የሚከብድ ነው። በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ወረራውን ደገፈ፤ በእንግሊዝ ራዲዮ ቀርቦ ለመሟገት ቢጠይቅም ተከለከለ። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ፣ አንሳልዶ በተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ በተሠራው የአቃቂ ጣቢያ አቤቱታዋን ለዓለም ታሰማ ነበር። ማርኮኒ በጁላይ 1937 በሮማ ሲሞት የእንግሊዝ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ጸጥ አሉ። ከፍ ያለው ሽቦ የእርሱ ፈጠራ ቢሆንም፣ በአቃቂ የተወራሪውን ሕዝብ ድምፅ ሳያዳላ አድርሷል።