ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት (ከ1914 እስከ 1979 ዓ.ም.)

በባሕር ዳር ከጣና ዳር በሚገኘው ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ኳስ የማያባርር ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ክርክር ሲነሣም የሚጠራው ዘንድሮ ግብ ያገባው ተጫዋች ስም ነው። በፊት ስለ ነበሩት ግን የምናወራው ጥቂት ስለ ሆነ፥ የአንዱን ታሪክ ባጭሩ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥም የታወቁ፥ በጀርመን አገርም ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን በዜማ ፈንታ በእግራቸው ስም አወጡ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲቋቋም ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወዲያው ጠላት አገሪቱን ወረረ፤ ጨዋታውም በቀለም ተለየ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ ከእነሱም የእንግሊዝ ወታደሮች፥ የአርመኖች፥ የግሪኮችና የጣልያኖች አራቱ ሲሆኑ፥ የአገሬው ልጆች ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበረ። ዋንጫውን እንግሊዞች ወሰዱት። ዛሬ በዋንጫ ብዛት የሚወዳደረው የሌለ ይህ ክለብ የመጀመሪያውን ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው፤ ስድስት ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

አቶ ይድነቃቸው ለዚሁ ክለብ 23 ዓመት ተሰልፈው በ365 ጨዋታ 318 ግብ እንዳገቡ ተመዝግቧል። ሲካፈል በየስምንቱ ጨዋታ ወደ ሰባት ግብ ይደርሳል ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ጎረቤቶቻችን ፋሲል ከነማዎች ዋንጫውን ወደ ጎንደር ሲወስዱ፥ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አግብቶ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ይህ በእውነት የሚያስደንቅ ነው፤ ዳሩ ግን እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ በአንድ ማልያ 23 ዓመት መቆየት ነው።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪቃ እግር ኳስ ማኅበር በካርቱም ሲቋቋም ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪቃ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ ግብጽ፥ ሱዳንና ኢትዮጵያ ብቻ ተጫወቱ። በመጨረሻውም ግብጽ የእኛን ቡድን 4 ለ 0 አሸነፈች።

ብድሩ የተመለሰው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ቡድኑን ካሠለጠኑት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ግብጾች ሁለት ጊዜ መሩ፤ አንዱን ግርማ ተክሌ፥ ሁለተኛውን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው መለሱ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አገቡ፤ 4 ለ 2 ሆነ። ኢትዮጵያ የአፍሪቃን ዋንጫ ያነሣችው በዚያን ቀን ብቻ ነው።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪቃው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በዓለም ዋንጫ ለአፍሪቃ የሚገባት ቦታ እንዲሰጣት፥ ዘርን የሚለይ መንግሥትም ከጨዋታ እንዲታገድ ሳይሰለቹ ተከራከሩ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉም በዚሁ ሥራቸው ላይ ነበሩ። ደቡብ አፍሪቃ ቀለም ያልለየ ቡድን ይዛ ወደ ውድድር የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1984 ዓ.ም. ነው።