አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ

አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1632 ዓ.ም. በሆላንድ አገር፣ ዴልፍት በተባለች ከተማ፣ ከአንድ ቅርጫት ሠሪ ቤት ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ በልጅነቱ ሞቱበት። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ በዚያን ጊዜ የሊቃውንት መግባቢያ የነበረውን ላቲንም አልተማረም። በ16 ዓመቱ ወደ አምስተርዳም ተልኮ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሥራ ለመደ፤ በ1654 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ የራሱን ሱቅ ከፈተ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ባክቴሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ ለዓለም የገለጠው ይህ ባለሱቅ መሆኑን ልብ በል። የዚያ ዘመን ጨርቅ ነጋዴዎች የፈትልን ጥራት በአጉሊ መነጽር ይመረምሩ ነበር። ሌዌንሁክ ከዚህ አልፎ፣ ከአተር ፍሬ ያነሱ ሌንሶችን በገዛ እጁ እየሠራ በሁለት የናስ ወይም የብር ዝርግ መካከል ያጣብቃቸው ጀመር። እስከ ዛሬ ከተረፉት መካከል አንደኛው ከ250 ጊዜ በላይ ያጎላል።

በ1673 ዓ.ም. ሬይኒየር ደ ግራፍ የተባለ ሐኪም ለለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አስተዋወቀው። ሌዌንሁክም ያየውን ሁሉ በሆላንድኛ እየጻፈ ይልክ ጀመር። በ1676 ዓ.ም. ቁንዶ በርበሬ በተዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥ እጅግ ረቂቅ ፍጥረታት ሲርመሰመሱ እንዳየ ሲጽፍ ብዙዎች ተጠራጠሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሮበርት ሁክ ፍጥረታቱን በማኅበሩ ፊት ስላሳየ ጥርጣሬው ተወገደ፤ በ1680 ዓ.ም. ሌዌንሁክ የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመረጠ።

በ1681 ዓ.ም. ተቅማጥ ያዘው። ሌላ ሰው መድኃኒት በፈለገ ነበር፤ እርሱ ሰገራውን መረመረ። በውስጡም ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆነ፣ እግር መሰል ነገር የሚያንቀሳቅሱ ፍጥረታት አየ። የዛሬ ሊቃውንት ከገለጻው ተነሥተው ጃርዲያ እንደ ነበሩ ያምናሉ። ጃርዲያ ባክቴሪያ ባይሆንም፣ በሆዱ በኩል ባለው ክብ መጣበቂያ የቀጭኑን አንጀት ግድግዳ ሙጥኝ ብሎ የሚኖር ጥገኛ ነው። ሌዌንሁክ ያየው ከግድግዳው ተላቅቆ የወጣውን ስለ ነበረ፣ ያ ጠፍጣፋ ሆድ ምን እንደሚሠራ ሊያውቅ አልቻለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የጥርሱ ምርምር ነው። ጥርሱን ዘወትር በጨው እያሸ ቢያጸዳም፣ በ1683 ዓ.ም. በመንጋጋዎቹ መካከል እንደ ሊጥ የነጣ ነገር ተጋግሮ አገኘ። ጥቂት ፍቆ ከዝናብ ውሃ ጋር ቢቀላቅለው በውስጡ እጅግ ብዙ ሕያዋን ሲዋኙ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ አፉን በብርቱ የወይን ኮምጣጤ ተጉመጠመጠ፤ በጥርሱ ላይ ከተጋገረው ውስጥ የነበሩት ግን በሕይወት ተገኙ። ፍቆ በውሃ በበጠበጠው ላይ ኮምጣጤ ሲጨምርበት ግን ወዲያው ሞቱ። ስለዚህ ኮምጣጤው በላይ ያሉትን ብቻ እንደሚገድልና ወደ ውስጥ ዘልቆ እንደማይገባ ተረዳ።

በዛሬው ሳይንስ ይህ የተጋገረ ነገር ባዮፊልም ይባላል። አፈጣጠሩን ለመረዳት በአንጀታችን የሚኖረውን ኢ. ኮላይ እንመልከት። ይህ ባክቴሪያ በአካሉ ዙሪያ ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ዘንጎች አሉት፤ የዘንጎቹ ጫፍ በሕዋሳት ገጽ ላይ የሚገኘውን ማኖስ የተባለ ስኳር አጥብቆ ይይዛል። ባክቴሪያዎቹ እንዲህ ከተጣበቁ በኋላ እየተራቡ፣ ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ ዝልግልግ ነገር አመንጭተው በውስጡ ይሸሸጋሉ። በጥልቁ ያሉት ምግብ ስለሚያጥራቸው እድገታቸውን ይገታሉ፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ደግሞ በማደግ ላይ ያለውን ባክቴሪያ የሚያጠቁ በመሆናቸው እነዚህ ይተርፋሉ። በታማሚ ፊኛ ውስጥ የገባ የሽንት ቱቦ ባዮፊልም ሲጋገርበት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ቱቦውን አውጥተው የሚለውጡት ስለዚህ ነው። ሌዌንሁክ በኮምጣጤ የደረሰበት ችግር እነሆ ዛሬም በሆስፒታል አለ።

በ1692 ዓ.ም. ደግሞ በፊት ጥርሶቹ ላይ ሕያው ፍጥረት አጣ። ምክንያቱን ሲመረምር ጧት ጧት ትኩስ ቡና ይጠጣ እንደ ነበር አስታወሰ። ትኩሳቱ በማይደርስበት በኋላ መንጋጋዎቹ መካከል ሲፈልግ ግን እንደ ቀድሞው ሕያዋን አገኘ።

ሌዌንሁክ በ1723 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ ሞተ። በኑዛዜው መሠረት ልጁ ማሪያ 26 የብር ማይክሮስኮፖቹን ለለንደኑ ማኅበር ላከች፤ እነርሱም በ19ኛው ምዕት ዓመት ጠፍተው ቀሩ።