የአንኮበሩ ልጅ እና የአፍሪካ አዳራሽ መስታወቶች

ሰንበቴ፦ እሑድ የሰንበቴ ገበያ ሲደምቅ ከቆላው የሚመጣው የአፋር አርብቶ አደር፣ የአካባቢው የኦሮሞ አርሶ አደርና ከደጋው የሚወርደው የአማራ ነጋዴ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ከእህሉና ከከብቱ መካከል የሻይ ብርጭቆ፣ የፋኖስ ብርጭቆና የፊት መስታወትም ይሸጣል። ለአብዛኛው ሰው የመስታወት ነገር ከዚህ አያልፍም፤ የቤት ዕቃ ነው፣ ሲወድቅ ይሰበራል፣ ሲሰበር ይጣላል። ይሁን እንጂ ከሰንበቴ በስተምዕራብ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚታየው የተራራ ሰንሰለት ወደ ደቡብ ሲዘልቅ አንኮበርን ይሸከማል። ከዚያች ከተማ የተወለዱ አንድ ሰው ይህንኑ ተሰባሪ ነገር የአንድ አህጉር ታሪክ መጻፊያ አድርገውታል፤ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ።

አፈወርቅ የተወለዱት በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. ነው። አንኮበር በዚያን ጊዜ የነገሥታት መቀመጫነቷን ለአዲስ አበባ ካስረከበች ቆይታለች፤ ክብሯ ግን ከአፍ አልጠፋም ነበር። ከሥሯ ባለው የአልዩ አምባ ገበያ ከአፋር በረሃ የሚመጣ የአሞሌ ጨው ለዘመናት ተገበያይቶበታል። ሕፃኑ አፈወርቅ ነፍስ ማወቅ በሚጀምርበት ዕድሜ የጣሊያን ወረራ መጣ። የልጅነት ዓመታቱ በጦርነትና በፈራረሰ አገር ውስጥ አለፉ። ሥዕል የመሣል ፍላጎቱም የታየው በዚያው በለጋ ዕድሜው ነበር።

ከነጻነት በኋላ አገሪቱ የምትፈልገው መሐንዲስ፣ ሐኪምና የእርሻ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የ15 ዓመቱ ወጣት ወደ እንግሊዝ አገር ሲላክ የተሰጠው አደራ የማዕድን ምሕንድስና ተምሮ እንዲመለስ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን ሰብስበው በአውሮፓ ስላዩት ረጅም ፎቅና ሰፊ መንገድ ለማውራት ሳይሆን አገራቸውን የሚሠሩበትን ዕውቀት ይዘው እንዲመለሱ መክረዋቸዋል፤ አፈወርቅ ይህን ምክር እስከ እርጅናቸው ድረስ ያነሡት ነበር።

በእንግሊዝ ሌይተን ፓርክ በተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ ግን መምህራኑ የልጁ እጅ ወዴት እንደሚያዘነብል አስተዋሉ። አፈወርቅም የማዕድኑን መንገድ ትተው ለንደን በሚገኘው የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ማዕከላዊ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ታዋቂው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና የሕንፃ ጥበብ አጠኑ። የመንግሥትን አደራ ይዞ ወጥቶ ሌላ ሙያ ይዞ መመለስ በዚያን ዘመን ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሥዕል ዳቦ ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ዛሬም አይጠፋም፤ ያኔማ ጥያቄው የባሰ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመለሱ ቢሮ ይዘው አልተቀመጡም። አገራቸውን ሳያውቁ ሊሥሏት እንደማይችሉ ስለተረዱ በየጠቅላይ ግዛቱ ዞሩ። የገበሬውን አለባበስ፣ የተራራውን መልክ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሥዕል አጠኑ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእያቸውን አሳዩ። ከዚህም በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው ሁለት ዓመት ያህል በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋልና በግሪክ እየተዘዋወሩ ተማሩ። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን በሥዕል ያጌጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ገልጠው ያዩት በዚህ ጉዞ ነው። የአገራቸውን ቅርስ ለማየት ባሕር መሻገራቸው ያሳዝናል፤ ነገር ግን ትልልቅ ዓይንና ደማቅ ቀለም ያለው የጥንት አሣሣል ከዘመናዊው ትምህርታቸው ጋር የተዋሐደው ያኔ ነው። የባለቀለም መስታወት አሠራርንም በዚሁ ጉዞ ቀሰሙ።

ይህ ጥበብ ከሌላው ሥዕል የሚለይበት ነገር አለ። መስታወት መሠረቱ አሸዋ ነው። አሸዋው ከሶዳና ከኖራ ጋር ተደባልቆ እጅግ በጋለ ምድጃ ውስጥ ሲቀልጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ይሆናል። ቀለሙ ከላይ የሚቀባ ሳይሆን ከቅልጡ ጋር የሚዋሐድ ማዕድን ነው፤ ኮባልት ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ብረት አረንጓዴ፣ ጥቂት ወርቅ ደግሞ ቀይ። ሠዓሊው መጀመሪያ ሙሉ ሥዕሉን በመስኮቱ ልክ በወረቀት ላይ ይነድፋል። ባለሙያዎች መስታወቱን በንድፉ መሠረት ቆራርጠው፣ ቁራጮቹን በእርሳስ ዘንግ ወይም በሌላ ማያያዣ ገጣጥመው ይተክሉታል። የማዕድን ተማሪ ይሆናሉ የተባሉት ሰው በሥዕል በኩል ዞረው ከማዕድን ጋር መገናኘታቸው አስገራሚ ነው። ደግሞም ይህ ሥዕል ያለ ፀሐይ ምንም አይደለም፤ ሌሊት ጥቁር ግድግዳ ነው፣ ሲነጋ ይበራል፣ ደመና ሲያልፍበት ይደበዝዛል። ሰማዩን እያየ የሚውል አርሶ አደር ይህን ጠባዩን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የአፍሪካ መናኸሪያ ለመሆን ትዘጋጅ ነበር። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ በ18 ወራት ገደማ የተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ እንዲሆን የታሰበ ሕንፃ ነው። ለመግቢያው የሚሆነው ታላቅ የመስታወት ሥዕል ሥራ የተሰጠው ገና 30 ዓመት ላልሞላው አፈወርቅ ነበር።

ሥራው በሦስት ክፍል የቆመ ሲሆን በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በትናንሽ ከተሞቻችን ለአንድ መኖሪያ ቤት የሚሰጥ ቦታ ያህል ነው፤ ያን የሚያህል ቦታ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሁሉም ቀለም ሆኖ ማሰብ ነው። አንደኛው ክፍል አፍሪካ ያሳለፈችውን መከራ፣ ሁለተኛው ትግሏን፣ ሦስተኛው ተስፋዋን ይተርካል። በየአገሩ ልብስ ያጌጡ ሰዎች፣ በእጅ የተያዘ ችቦ፣ የሚጋልብ ሳይሆን የሚራመድ ሕዝብ ይታይበታል። ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ በየተራ ይነግሡበታል። ሥራው ሲታቀድ አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ገና በቅኝ ግዛት ሥር እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ሠዓሊው ነጻነትን የሣሉት ከመምጣቱ በፊት ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚህ አዳራሽ ሲመሠረት መሪዎቹ የተሰበሰቡት ይህ ሥዕል በቆመበት ቤት ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳይነሣ ማለፍ የለበትም። ንድፉ የአፈወርቅ ቢሆንም መስታወቱ የተቆረጠውና የተገጣጠመው በፈረንሳይ አገር ባለ የመስታወት ሠሪዎች አውደ ጥናት ነው። በአገር ውስጥ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሸከም ምድጃና የሠለጠነ እጅ አልነበረም። አሸዋም ፀሐይም ሞልቶን ሳለ የአህጉሪቱ ታላቅ የመስታወት ሥዕል ሌላ አገር ተሠርቶ መምጣቱ ከውበቱ ጋር አብሮ የሚኖር ጉድለት ነው።

አፈወርቅ በሐረር ጦር አካዳሚም የኢትዮጵያን ገናና የጦር መሪዎች የሚያሳዩ የመስታወት መስኮቶችን ነድፈዋል። በዚያችው በሐረር ያቆሙት የራስ መኰንን ሐውልት በ2012 ዓ.ም. በነበረው ሁከት ወድቋል። ጠንካራው ሲወድቅ ተሰባሪው መስታወት በአዲስ አበባ ቆሞ ቀርቷል።

ሌላው ሥራቸው ብዙ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥዕሎችና ሞዛይኮች፣ የመስቀል አበባ፣ እናት ኢትዮጵያ፣ የሰሜን ተራሮችን የሚያሳየው ሥዕል ሁሉ የእርሳቸው ናቸው። ሥራዎቻቸው በሩሲያ፣ በአሜሪካና በሴኔጋል ዐውደ ርእዮች ታይተዋል። ዐውደ ርእይ ያልደረሰበት የገጠር ሰውም ሳያውቀው ሥራቸውን በእጁ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ የፖስታ ቴምብር ንድፎችን ሠርተዋልና። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን የሥነ ጥበብ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. የሣሉት የራሳቸው ምስልም በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የኡፊዚ ሙዚየም በቋሚነት ተቀምጧል።

ኑሯቸውንና ሥራቸውን አንድ ላይ ያደረጉት ራሳቸው በነደፉት ቪላ አልፋ በተባለው ቤት ነበር። የአክሱም፣ የጎንደርና የሐረር የሕንፃ አሠራር የተንጸባረቀበት፣ 22 ክፍሎች ያሉት ቤት ነው። ዋና ዋና ሥዕሎቻቸውን ለገዢ አሳልፈው ከመስጠት ይልቅ በዚያው አኖሯቸው። ይህ በአንድ በኩል ሥራዎቹ እንዳይበተኑ ጠብቋቸዋል፤ በሌላ በኩል ብዙ ኢትዮጵያዊ ሳያያቸው ቀርቷል። በንጉሡም፣ በደርግም፣ ከዚያ በኋላም በነበረው ሥርዓት ብሩሻቸውን አላስቀመጡም። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው አርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ብርሌ ከነቃ ዕቃ አይሆንም ይባላል። ለተገጣጠመ የመስታወት ሥዕል ግን ይህ አይሠራም፤ የነቃው ቁራጭ ተነሥቶ ሌላ ይተካበታል፣ ማያያዣው ይታደሳል፣ ንድፉም እንዳለ ይቀጥላል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት በዘለቀ እድሳት ውስጥ ሲገባ የአፈወርቅ መስታወቶችም አብረው ታደሱ። አዳራሹ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፈተ፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥርም ቀዩ፣ አረንጓዴውና ቢጫው ብርሃን እንደገና በሚያልፈው ሰው ላይ ያርፋል።