የባሕረ ሐሳቡ አባት ድሜጥሮስና የተሾመበት ዓመት

ግንቦት 1 ቀን በአዲስ አበባ በልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ልደት ሲከበር፣ ሊቃውንቱ የተወለደችበትን ዘመን 5485 ዓመተ ዓለም ይሉታል። ዓመተ ምሕረት ገና አልተጀመረምና የሚቆጥሩት ከአዳም ነው። ይህን ቁጥር ከአጽዋማትና ከበዓላት ጋር የሚያስተሳስረውን ባሕረ ሐሳብ የደረሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው። በዚህ በዓል ሕይወቱን ልናስታውስ ወደድን።

ድሜጥሮስ የወይን አትክልተኛ እንጂ የተማረ ሰው አልነበረም። ያለ ወራቱ ያፈራ ወይን አግኝቶ ለሊቀ ጳጳሳቱ ለዮልያኖስ ቢወስድ፣ ተተኪያቸው ወይን ይዞ የሚመጣው ሰው መሆኑ በመልአክ ተነግሯቸው ነበርና እርሱን አመለከቱ። ባለትዳር በመሆኑ ሕዝቡ አጉረመረመ። እርሱና ሚስቱ ግን በድንግልና ይኖሩ ነበርና፣ በልብሳቸው የታቀፉት የእሳት ፍም ልብሱን እንዳላቃጠለው ስንክሳር ይተርካል።

የተሾመበት ዓመት ስሙ ብዙ ነው። ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ የንጉሠ ነገሥት ኮሞዶስ 10ኛ ዓመት ይለዋል። የግብፅ ጸሐፍት ግን የዚያኑ ንጉሥ ዘመን ከአባቱ ከማርቆስ አውሬልዮስ መንገሥ ጀምረው ስለሚቆጥሩ 29ኛ ይሉት ነበር። አውሮፓውያን 189 ሲሉት በእኛ 181 ዓመተ ምሕረት፣ 5681 ዓመተ ዓለም ነው። ይህ ቁጥር ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋልና ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ ለ19 ሲካፈል ደግሞ ምንም አይተርፍም። ወንበሩ 18፣ አበቅቴው 18፣ መጥቅዑ 12 ይሆናል። የሚገርመው፣ ድሜጥሮስ ራሱ ዓመተ ሰማዕታትን እንኳ አልሰማም፤ መነሻው ድዮቅልጥያኖስ የነገሠበት፣ በአውሮፓውያን 284 ነውና።

በዘመኑ ክርስቲያኑን የከፈለው ግን የዓመት ስም ሳይሆን የፋሲካ ቀን ነበር። የእስያ ምእመናን ዕለቱ ማንም ይሁን በኒሳን 14 ሲያከብሩ ሌሎች እሑድን ይጠብቁ ነበርና፣ አንዱ ሲፈስክ ሌላው ይጾም ነበር። የሮሙ ጳጳስ ቪክቶር እስያውያኑን ከአንድነት እስከ መለየት ደረሰ። ድሜጥሮስ ዐቢይ ጾም ሰኞ እንዲገባ፣ ትንሣኤም ከእሑድ እንዳይወጣ ተመኝቶ የሌሊት 23፣ የቀን 7 ሱባኤ እንደያዘ ይነገራል። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 በ7 49፣ በ30 ሲገደፍ 19፣ ጥንተ መጥቅዕ ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች የ19 ዓመቱ ቀመር በእስክንድርያ የተደላደለው ከእርሱ በኋላ ነው ቢሉም፣ የአብነት ተማሪ ዛሬም ስሌቱን የሚጀምረው ከዚህ ሱባኤ ነው።

ድሜጥሮስ ከ40 ዓመት በላይ በመንበሩ ተቀምጦ በእርጅና ዐረፈ። መታሰቢያውም ጥቅምት 12 ቀን ነው።