ከመኪና ዕቃ ሠሪነት ወደ ሞተር ብስክሌት ንጉሥነት

ከወረታ ወደ ጎንደር በጣራ ገዳም ስር በሚያልፈው መንገድ ሞተር ብስክሌት ብርቅ አይደለም። ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ገበሬው በሞተር ውሃ ይስባል። የሁለቱም ሞተር ሲፈታ ፒስተን ሪንግ የምትባል ቀጭን የብረት ቀለበት ትገኛለች። የዛሬው ባለታሪካችን ሶይቺሮ ሆንዳም በአንድ ወቅት ይህችን ቀለበት ያመርት ነበር (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ሆንዳ በ1906 ጃፓን ውስጥ ሃማማትሱ አካባቢ ከብረት ቀጥቃጭ አባት ተወለደ። በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ሄዶ ጋራዥ ተቀጠረ። ልቡ ግን ውድድር ላይ ነበር። በ1936 ታማጋዋ ላይ ሲወዳደር መኪናው ተገልብጦ ክፉኛ ተጎዳ፤ አብሮት የነበረው ወንድሙም ቆሰለ። የተወዳዳሪነት ሕልሙ እዚያው አከተመ።

ከዚያ ፊቱን ወደ ፒስተን ሪንግ አዞረ። መጀመሪያ አልሆነለትም። ለቶዮታ ካቀረባቸው 50 ቀለበቶች ፈተናውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ! እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ስለ ብረት ተማረና የቶዮታ አቅራቢ ለመሆን በቃ። ምን ያደርጋል፣ አንዱን ፋብሪካ የአሜሪካ ቦምብ አወደመው፣ ሌላውን በጥር 1945 የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለው። የተረፈውን ለቶዮታ በ450 ሺህ የን ሸጦ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

በ1946 ግን የጦር ሠራዊቱ ለሬዲዮ ጄኔሬተር ይጠቀምባቸው የነበሩ ትንንሽ ሞተሮች እጁ ገቡ። ከጦርነቱ በኋላ ነዳጅም ትራንስፖርትም ጠፍቶ ሕዝቡ በብስክሌት ነበር የሚንቀሳቀሰው። ሆንዳ ሞተሮቹን ብስክሌት ላይ ገጠማቸው፤ ገበያው ደራ። በ1948 ሆንዳ ሞተር ኩባንያን መሠረተ፣ በዓመቱም ድሪም የተባለውን ሞተር ብስክሌት አወጣ።

የውድድር ፍቅሩ ግን አልወጣለትም። በ1954 ኩባንያው በገንዘብ ችግር ተወጥሮ እያለ፣ በብሪታንያ አቅራቢያ በምትገኘው ማን ደሴት በሚካሄደው ዝነኛ የሞተር ብስክሌት ውድድር እንደሚሳተፍ አወጀ። ለብዙዎች እብደት ነበር። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1959፣ የሆንዳ ልጆች ደሴቲቱ ገቡ። በ125 ሲሲ 6ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛና 11ኛ ወጡ፤ የቡድን ሽልማቱንም ወሰዱ። በ1961 እንግሊዛዊው ማይክ ሄይልውድ በሆንዳ ሞተር 125ቱንም 250ውንም አሸነፈ። በሁለቱም ከ1ኛ እስከ 5ኛ ያለውን ቦታ የያዙት የሆንዳ ሞተሮች ነበሩ!

ሆንዳ በ1973 ከኃላፊነቱ ለቀቀ፣ ነሐሴ 1991 በ84 ዓመቱ አረፈ። ታማጋዋ ላይ የተሸነፈው ሹፌር መሪ ጨብጦ ያላገኘውን ድል በሠራው ሞተር አገኘው።